ነጩ በቆሎዬ ለምን ቢጫ ቀላቀለ?

ጥያቄ፦ አዳማ አጠገብ፣ አዋሽ ዳር ነው የማርሰው። ነጩ መልካሳ-2 በቆሎዬ ዘንድሮ አገዳው አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነ፤ እሸቱን ስልጠውም ቢጫ ፍሬ ተቀላቅሎበታል። አምናም ጥቂት አይቼ ነበር። ዘሩ የራሴ ነው። መሬቱ ደክሞ ይሆን? ምን ማዳበሪያ ልጨምር?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ይተዉት። መሬት ሲደክም በቆሎ ይቀጭጫል እንጂ ነጩ ወደ ቢጫ አይለወጥም። ከእርስዎ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ቢጫ በቆሎ የሚዘራ ጎረቤት ያለ ይመስለኛል። ሁለታችሁም በሰኔ ዝናብ ስለምትዘሩ አንድ ሰሞን ታብባላችሁ። የበቆሎ አበባ ብናኝ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው አጠገቡ ይወድቃል። ከፍ ካለ ማሳ ነፋስ ያነሳው ግን ርቆ ወርዶ ወንዙ ዳር ባለው ዛላ ፀጉር ላይ ያርፋል። ቢጫው ነጩን ስለሚያሸንፍ ዛላው ላይ በዚያው ዓመት ይታያል። ይህም ደግ ነው፤ ጎረቤትዎ ሌላ ነጭ ዝርያ ዘርተው ቢሆን መዳቀሉን በዓይንዎ አያዩትም ነበር። የዘንድሮው አገዳ የበቀለው ካምናው ዘር ስለሆነ፣ የቁመቱ መለያየት ነገሩ ካምና እንደጀመረ ይነግረኛል።

መፍትሔው ከአንድ ጥቅል ሲባጎ በላይ አያስወጣዎትም። በቆሎው ሳይደርቅ ማሳው ውስጥ ይግቡ። በዳገቱ በኩል ሃያ መስመር፣ በቀሩት ዳርቻዎች አሥር አሥር መስመር ለቀው መሐሉን ይያዙ። ቁመቱ እንደ ድሮው የሆነውን፣ ያልወደቀውንና ጤነኛውን አገዳ እየመረጡ ሲባጎ ይሰሩበት። መቶ አገዳ ይሙሉ፤ ከጥቂት ዛላ ብቻ ዘር ሲያዝ ምርቱ ከዓመት ዓመት ይሳሳል። ሲደርቅ ምልክት ያለበትን ከሁሉ አስቀድመው ለብቻ ይልቀሙ። አንዲት ቢጫ ፍሬ የታየችበት ዛላ ለምግብ ይሁን። ለአንድ ጥማድ 6 ኪሎ ገደማ ስለሚበቃ ዘር አያጥርዎትም።

በየማሳው የማየው አንድ ልማድ ያሳዝነኛል። ምርጥ ምርጡ እሸት መንገድ ዳር ተጠብሶ ይሸጣል፤ ዘሩ ግንቦት ላይ ከጎተራ ይዘገናል። ከተፈለፈለ በኋላ የዳሩን ከመሐሉ ማን ይለየዋል? ተዉ ወንድሞቼ፣ ዘር የሚመረጠው አገዳው ቆሞ ሳለ ነው።

ለከርሞ ጎረቤትዎን ያነጋግሩ፤ ቢጫው 200 ሜትር ያህል ቢርቅልዎ ብዙ ይቀንሳል። አዘግይቶ መዝራትም አበባውን ይለያያል፤ ዝናባችን ቶሎ ስለሚያቆም ግን አልመክርዎትም። ከዘንድሮው ዛላ ግማሹ ቢጫ ካለበት ደግሞ አይድከሙ፤ ለአንድ ዓመት ንጹሕ መልካሳ-2 ገዝተው እንደገና ይጀምሩ።