ለጥምቀት ጎንደር መጥታችሁ የጅንባርን ገደል ልታዩ ላሰባችሁ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ትመጣላችሁ፣ እናትሽና ሁለት ልጆችሽ አብረውሽ ናቸው፣ ከበዓሉ ጋር ስሜን ተራሮች ወጥታችሁ የጅንባርን ፏፏቴና ገደሉን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። ከስር "በሌሊት ተነሱ እንጂ ይቻላል" ብለው የመለሱልሽ አሉ። እኔ ጎንደር ነው የምኖረው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ይዞ የሚወጣው ሰው እኔ ነኝ። በአንድ ቀን መድረስ ይቻላል፣ ግን ደረስን ከማለት በቀር ብዙም አታዩም። የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ከተማ እደሩ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺው ይህቺን አትርሺ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው። በወለቃ ወጥተሽ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገሽ ነው የምትሄጂው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብትነሱ እንኳ ልጆች አሉ፣ ቁርስ አለ፣ ደባርቅ ስትገቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብቶ መክፈል፣ ስካውት (ጠብመንጃ ይዞ አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ) መያዝ፣ አስጎብኚ መነጋገር አለ። በበዓል ሰሞን ደግሞ ወረፋ አይጠፋም። ከደባርቅ በኋላ ያለው መንገድ ጠጠር ነው፣ አቧራውም ሌላ ነው፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጅንባር ከሳንቃበር አለፍ ብሎ ስለሆነ ገደሉ አፋፍ ላይ የምትቆሙት እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ገደል ጥልቀቱ አይታይም፣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ፎቶ አንስታችሁ ትዞራላችሁ፣ ምክንያቱም ሹፌሩ ሳይመሽ ጎንደር መግባት ይፈልጋል፣ ልክም ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ማለት ነው። ለእናትሽ ይከብዳል።

ደባርቅ ስታድሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከጎንደር ምሳ በልታችሁ ትነሳላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ የፓርኩን ጉዳይ ትጨርሳላችሁ፣ ስካውቱንም ማታውኑ ትተዋወቁታላችሁ። በማግስቱ ማለዳ በቀጥታ ወደ ፓርኩ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ጎንደር ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250። በእድሜ ለገፋ ሰው ሽቅብ በአንድ ትንፋሽ ከመውጣት አንድ ሌሊት መሐል ላይ ማረፍ በጣም ይሻላል። ደም ግፊት ወይም ልብ ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መድኃኒታቸው ደግሞ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣባቸው "ትንሽ ይቻሉት" አይባልም፣ ቁልቁል መመለስ ነው መድኃኒቱ።

ቀኑን በተመለከተ። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት 11፣ ቃና ዘገሊላ 12 ነው። እባክሽ በመሐል ልውጣ አትበይ። መንገዱ በታቦትና በሕዝብ ይሞላል፣ መኪና ይወደዳል፣ ደግሞም የ12ቱን የሚካኤልን መመለስ ሳታዩ ከጎንደር መውጣት ያስቆጫል። 13 ከሰዓት ብትነሱ እንግዳው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲበተን እናንተ ወደ ተራራው ትወጣላችሁ። ደባርቅ አልጋ በስልክ ቀድማችሁ ያዙ።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ፣ ብዙ ሰው ስለማይናገረው። በጥር ጅንባር ውኃው ቀጭን ነው። ፎቶ ላይ የምታይው ያ ነጭ ሆኖ እየተምዘገዘገ የሚወርደው ፏፏቴ የክረምት ማግስት ነው። ውኃው 500 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው፣ ሲበዛ ድምፁ ቀድሞ ነው የሚሰማሽ። በጥር ግን አንዳንዴ መሬት ሳይደርስ በነፋስ ተበትኖ ይጠፋል። ልብሽ የፈለገው ውኃው ከሆነ ጉዞውን ለመስከረም መጨረሻ ወይም ለጥቅምት አዙሪው፣ ያኔ መስኩም አረንጓዴ ነው፣ አበባም አለ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አትሞክሩት፣ ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ነጭ ግድግዳ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ገደሉን ራሱን ማየት ከፈለግሽ ግን ከጥር የተሻለ ወር የለም ባይ ነኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቆላው እስከ ሩቅ ድረስ ይታያል፣ ከታች ያሉት ሹል ሹል ተራሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ከመኪና ወርዳችሁ ወደ አፋፉ የምትሄዱበት መንገድ አጭር ነው፣ በዝግታ ግማሽ ሰዓት ያህል። በአስታ ዛፍ መሐል ነው የሚያልፈው። ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ግራጫ ነገር ታያላችሁ፣ ልጆች እሱን መንካት ይወዳሉ። ከዚያ ዛፉ በድንገት ያልቅና መሬቱም አብሮ ያልቃል። ፏፏቴው የሚታየው ከፊት ለፊቱ ካለች ጠባብ አፋፍ ላይ ነው፣ በግራም በቀኝም ገደል ነው። አጥር አትጠብቂ። ልጆቹን አንድ አዋቂ ለአንድ ልጅ ሆናችሁ እጃቸውን ያዙ፣ ሰልፊ የሚባለውን ነገር ወደ ኋላ እየተራመዱ ማንሳት ክልክል በይ። ነፋሱ ድንገት ነው የሚመጣው። ድንጋይም እንዳይወረውሩ፣ ከስር እረኛ አለ፣ ከብት አለ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ።

ባለፈው አክስቴን ይዤ ስወጣ ጉልበቷን ስለሚያማት እስከ አፋፉ አልሄደችም። ስካውቱ መንገድ ዳር ፀሐይ ያለበት ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፣ ጠብመንጃውን ደገፍ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ከእግሩ ስር ጦስኝ ቆንጥሮ በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ አስሸተታት። እኛ ስንመለስ ስለ ልጆቹ ሲያወሩ አገኘናቸው፣ ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ሻይም ጦስኝ ጦስኝ ይል ነበር። ይህን የምነግርሽ እናትሽ ባይችሉ ብቻቸውን አይቀሩም ለማለት ነው። ስካውቶቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ መሬቱን ያውቁታል፣ ሰውም ያከብራሉ። ከምትበሉት አካፍሏቸው፣ ስትለያዩም እጃቸው ባዶ አይሁን።

ጭላዳዎቹን በተመለከተ ማለዳ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፣ ነብርና ጅብ የማይደርስበት ቦታ። ፀሐይ ስትወጣ ከገደሉ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ቁር ስለሚላቸው መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ሳር መንጨት ይጀምራሉ። ቡይት ራስና ሳንቃበር አካባቢ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ከእናንተ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው በጣቶቻቸው ሳሩን አንድ በአንድ እየነቀሉ ሲበሉ፣ ደረታቸው ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ሳይቀር ማየት ይቻላል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም የሉም። ብስኩት ይሰጡ ዘንድ ልጆች ይለምኑሻል፣ እምቢ በይ። ሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ ቦርሳ ይቀማል፣ የሚጎዳውም እሱ ነው።

እናትሽ ደህና ከሆኑ፣ ሰዓቱም ካላለፈ፣ ከጅንባር ወደ ጨነቅ ካምፕ ቀጥሉ። 3,620 ሜትር ነው። ዋልያ የማየት ዕድላችሁ ሰፊ የሚሆነው እዚያ ነው። ልጆቹ ዋልያን ከብሔራዊ ቡድኑ ስም ነው የሚያውቁት መሰለኝ፣ ቀንዱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ሲያዩት ሌላ ነው። ባይኑኩላር ካለ ያዙ፣ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ጅብራ የሚባለውን ተክልም እዚያ ታገኛላችሁ፣ ከሰው በላይ የሚረዝመውን። አንዴ አብቦ ነው የሚሞተው፣ ልጆቹ እንዳይገነጥሉት። ከጨነቅ በላይ ወደ ቧሂት ተራራ የሚወጣውን ግን ለእናንተ አልመክርም፣ ከፍታው ከ4,000 ያልፋል።

ልጆቹ "ይህን ገደል ማን ቆፈረው" ማለታቸው አይቀርም፣ የኔም እህት ልጅ ጠይቃኛለች። እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ እየፈነዳ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፣ በላዩ ደግሞ ሌላ ፈሰሰ፣ እንዲህ እየተደራረበ ተራራ ሆነ። ከዚያ ዝናቡና ወንዙ እየሸረሸረ ገደሉን ሠራው። ድርብርቡ አሁንም ገደሉ ፊት ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፣ እንዲቆጥሩት አድርጊ። የጅንባርም ውኃ ወርዶ ወርዶ ተከዜ ይገባል፣ ተከዜ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ዓባይ ይገባል። የኔዋ ይህን ስትሰማ "ታዲያ ግብፅ ይደርሳል?" ብላ አፏን ይዛ ቀረች።

የስሜን ተራሮች ፓርክ ከላሊበላ ጋር በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 አንዱ ነው። ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፣ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ስለቀነሱ፣ እርሻውና ግጦሹም ስለገባበት። የወጣው በብዙ ልፋት ነው፣ ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎችም ተነስተው ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ስለዚህ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ጥላችሁ እንዳትመጡ፣ ይህ ከልቤ የምለው ነው። ይዛችሁ የሄዳችሁትን ቆሻሻ ይዛችሁ ተመለሱ።

ምን እንያዝ ላልሽው፣ ሌሊቱ ከባድ ብርድ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ከፍ ያለው ቦታ ላይ ውኃ ሳይቀር ይረጋል። ጋቢ ለየሰው፣ ወፍራም ሹራብ፣ የእጅ ጓንት፣ ለልጆቹ ኮፍያ። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ከንፈር ይሰነጣጠቃል፣ ቫዝሊን አይጥፋ። ነጠላ ጫማ የለም፣ የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ውኃ በብዛት። ፓርኩ ውስጥ እንደ ከተማ ምግብ ቤት የለም ብላችሁ ውጡ። ነዳጅ ጎንደር ሙሉ፣ ጥሬ ብር ያዙ፣ ኔትወርክ ላይ አትተማመኑ። መኪናው ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል። የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አልጽፍልሽም፣ የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ክፍያ ግን ይለያያል፣ መታወቂያ አትርሱ። ስካውቱና አስጎብኚው የሚከፈላቸውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ፣ አበላቸውን ጨምሮ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መንገዱ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ደባርቅ ያለ ሰው ጋ ደውሉ፣ የያዛችሁት ሆቴልም ሊሆን ይችላል፣ ሰላም ነው ካሉ ብቻ ተነሱ። ማታ አትጓዙ። ሹፌሩ "ዛሬ ይቅርብን" ካለ አትከራከሩት።

ሐኪሙ ለእናትሽ ከፍታውን ከከለከላቸው ወይም መንገዱ አልሆን ካለ ደግሞ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኮሶዬ አለላችሁ፣ በዚያው በደባርቅ መንገድ ላይ። መኪና አቁማችሁ ትንሽ ራመድ ስትሉ ከአፋፉ ላይ ቆላው ሁሉ ከስር ይታያል፣ ጭላዳም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እናትሽ ብዙ ሳይደክሙ ያዩታል። ለእሱ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ማለዳ ወጥታችሁ ለምሳ ጎንደር ትመለሳላችሁ።