አዲስ ጥንዚዛ አገኘን ለምትሉኝ ልጆቼ

ክረምት ሲገባ ስልኬ በጥንዚዛ ፎቶ ይሞላል። አንዱ ከሐዋሳ፣ ሌላው ከወንዶ ገነት፣ አንዳንዴም ከይርጋለም። "ጋሼ፣ ይሄ አዲስ ዝርያ ነው እንዴ?" ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ተገቢ ነው። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ጥንዚዛዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ስም ካላቸው እንስሳት ሁሉ ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ገና ስም ያላገኙት ስፍር ቁጥር የላቸውም። የእኛ ደጋ ደግሞ መብረር የማይችሉ ትንንሽ የመሬት ጥንዚዛዎች አሉበት። ቆላውን አቋርጠው ወደ ሌላ ተራራ መሻገር ስለማይችሉ፣ እዚህኛው ተራራ ላይ ያለው ዝርያ እዚያኛው ላይ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ እናንተም አዲስ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ማግኘቱ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ አዲስ መሆኑን ማሳየት ነው።

አንድ ጥንዚዛ አዲስ የሚባለው ከሚታወቁት የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ጋር ተነጻጽሮ ሲለይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ዝርያዎች ከላይ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ቀለማቸውም፣ መጠናቸውም፣ ጀርባቸው ላይ ያለው መስመር ሳይቀር። ልዩነቱ የሚገኘው ሆድ ውስጥ፣ በወንዱ ብልት ቅርጽ ላይ ነው። ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ይነሳል፤ ግን የሙያችን ዋና መለያ ይሄው ነው። የደረቀውን ጥንዚዛ በሞቀ ውሃ ታለሰልሱታላችሁ። በቀጭን መርፌ የሆዱን ጫፍ ከፈት አድርጋችሁ ብልቱን ታወጣላችሁ። ሥጋው እንዲሟሟ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ከዚያ ግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ አስገብታችሁ ማይክሮስኮፕ ሥር ታገላብጡታላችሁ። አራት ሚሊ ሜትር ከማትሞላ ጥንዚዛ ውስጥ ጎበጥ ያለች ቡናማ ቱቦ ትወጣለች። ጫፏ ሹል ይሁን ዱልዱም፣ ወደ ግራ ይታጠፍ ወደ ቀኝ፣ ብዙው ነገር እዚያ ላይ ነው። እጅ እስኪለምድ ይሰበራል። ስለዚህ በብዛት በሚገኝ ተራ ዝርያ ተለማመዱ።

ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ ግን ስለ ወረቀቷ ነው። ጥንዚዛው በሚሰካበት መርፌ ላይ፣ ከሥሩ ስለምትሰካዋ ትንሿ የመረጃ ወረቀት። የት፣ መቼ፣ በማን፣ በምን ዘዴ፣ ከባሕር ወለል በላይ በስንት ሜትር? ይህ ከሌለ ጥንዚዛው ምንም ቢያምር ጌጥ ነው። "ሐዋሳ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ታቦር ተራራ ላይ ነው? አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር? ወይስ ጨለለቃ ረግረጉ ውስጥ? የጂፒኤስ ቁጥሩን ከስልካችሁ ገልብጡ። የቦታ ስም ይለወጣል፤ አዳማ ስንት ዓመት ናዝሬት ስትባል ኖራለች። ቁጥሩ ግን ባለበት ይቆያል።

ቀኑ ላይ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ወረቀቱ ላይ 12/3/2001 ተብሏል እንበል። እኛ ኅዳር 12 ብለን እናነበዋለን፤ ኅዳር ሚካኤል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2008 ነው። እንግሊዛዊው ግን ማርች 12 ቀን 2001 ይለዋል፣ አሜሪካዊው ዲሴምበር 3። ሰባት ዓመት ያህል ስህተት በአንዲት መስመር! በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፉ፣ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ። (እኔም ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች የጻፍኩት በእ.ኤ.አ. ነው።) በ2012 የወጣ አንድ ጥናት፣ አንድ ናሙና ከተሰበሰበ በኋላ በአዲስ ዝርያነት እስኪገለጽ በአማካይ 21 ዓመት እንደሚፈጅ አሳይቷል። ወረቀታችሁን የሚያነበው ሰው ዛሬ ገና አልተወለደ ይሆናል። ደውሎ ሊጠይቃችሁ አይችልም።

የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ አለው። ቆጠራው የሚጀምረው ከ1758፣ ከስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከሊኒየስ መጽሐፍ 10ኛ እትም ነው። ከዚያ ወዲህ በደንቡ መሠረት ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል፤ የኋላው ይወድቃል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የቆዩ ጽሑፎችን፣ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ የሆኑትንም ጭምር፣ መፈተሽ ግድ ነው። በ1870ዎቹ የጣሊያናዊው አሳሽ የአንቲኖሪ ቡድን ሸዋ ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ የሰበሰበው ጣሊያን አገር ጄኖዋ ሙዚየም ገብቷል። የአገራችሁን ጥንዚዛ ለማወቅ የጄኖዋን መሳቢያ መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ቅር ያሰኛል፣ እኔንም ያሰኘኛል። ግን ጠይቁ፤ ፎቶ የሚልኩ ደግ ባለሙያዎች አሉ።

ስሙን የሚሸከመው አንድ ናሙና ብቻ ነው፤ ሆሎታይፕ ይባላል፤ በልማድ ቀይ ወረቀት ይደረግበታል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሆሎታይፑ እዚሁ አገር ይቀመጥ። ለንጽጽር ወደ ውጭ መላክ ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃዱን ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጠይቁ። የጄኔቲክ ሀብት አዋጁ ከ2006 ጀምሮ አለ። በራስ ስም መሰየምን ሕጉ አይከለክልም፤ በሙያችን ግን ነውር ነው።

ሁሉንም ጥንዚዛ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ወገን ምረጡ። ነቀዝ ይሁን፣ እበት የሚያንከባልሉት ይሁኑ፣ ለዓመታት እሱን ብቻ ተከታተሉ። የመሬት ጥንዚዛዎችን ከመረጣችሁ ከፕላስቲክ ኩባያ ሌላ ብዙ አያስፈልጋችሁም። ደን ውስጥ ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። እየሄዱ እንዲወድቁበት የኩባያው አፍ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቅበሩት፤ ዝናብ እንዳይሞላውም ከላይ ጣሪያ ሥሩለት። ማታ ከቀበራችሁት ጠዋት በጊዜ አውጡት፤ ከቆየ እርስ በርስ ይበላላሉ።