አባትህን ያተረፉትን ሐኪም በምን ታመሰግናለህ?

ወንድሜ፣ «አባቴን በኦፕራሲዮን ላተረፉልኝ ዶክተር ምን ልውሰድ፣ በግ ወይስ ብር?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔንም ከስምንት ዓመት በፊት ይኸው አስጨንቆኝ ነበርና ያየሁትን ልንገርህ።

አባቴ የለጋምቦ ገበሬ ነው። አንድ ሌሊት ቁርጠት ያዘው፤ ሲነጋ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ሰገራም ጋዝም እምቢ አለ። የወሰድንበት ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ መለሰን፤ አንድ ሙሉ ቀን እንዲሁ አለቀ። በማግስቱ በዚያ በጉጉፍቱ ብርድ አልፈን ደሴ ስንደርስ አባቴ መናገር አቅቶት ነበር። ዶክተሩ ሆዱን ዳሰሱ፣ ራጁን አዩና «ትልቁ አንጀቱ ተጠምዝዟል» አሉኝ። አንጀት ሲጠመዘዝ የደም ሥሩም አብሮ ይታነቃል፤ ሰዓቱ ከገፋ አንጀቱ ይሞታል። ቶሎ የደረሰ ሰው በፊንጢጣ ቱቦ ገብቶለት ሊፈታለት ይችላል። የአባቴ ሲከፈት ጠቁሮ ተገኘ፤ የሞተውን ቆርጠው አወጡት። እባካችሁ፣ ሆዱ ተነፍቶ ጋዝ የከለከለውን ሰው ቤት አታቆዩ!

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሩ ወጥተው «አብሽር፣ ተርፏል» አሉኝ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከአራት ወር በኋላ ሙክት እየጎተትኩ ሄድኩ። አልተቀበሉኝም። «አባትህስ? እህል ይበላል? ማረስ ጀመረ?» ብቻ አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ቀዶ ሐኪም ለመሆን ከአሥር ዓመት በላይ ተምረው፣ በሌሊት እየተጠሩ የሚያዩት ሰው ሁሉ የሚያቃስት ነው። የዳነው ወደ አገሩ ይገባል፣ በዚያው ይቀራል። የሞተው ሰው ቤተሰብ ግን እፊታቸው ቆሞ ያለቅሳል። በየቀኑ የሚያዩት ይህንን ብቻ ከሆነ እንዴት ይችሉታል?

በሳምንቱ አባቴን ራሱን ይዤው ወረድኩ። ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳያቸው። ዶክተሩ ጠባሳውን በጣታቸው እየተከተሉ ዝም አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አባቴም እጁን ዘርግቶ ረጅም ዱዓ አደረገላቸው።

ስለዚህ አባትህን ውሰድላቸው። ብሩን ተወው፤ አጠገቡ የተኛ ድሃ አይቶ «ካልከፈልኩ አልታከምም» ብሎ እንዳይሰጋ። ማደንዘዣ የሰጠውን፣ ሌሊቱን ቁስል ያዩትን ነርሶች፣ ያን ሁሉ ደም የጠረገችውን ጽዳት ሠራተኛም ፈልገህ አመስግን፤ እኔ መጀመሪያ ረስቻቸው ስለነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለአባቴ የማላውቀው ሰው ደም ሁለት ከረጢት ገብቶለታል። እኔም ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ደም ባንክ እሄዳለሁ። አንተም ጤነኛ ከሆንክ፣ 18 ዓመት ከሞላህና ክብደትህ ከ45 ኪሎ ካላነሰ ትችላለህ።

ስትሄድ ጠዋት አይሁን፣ ጠዋት በሽተኛ እየዞሩ ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ሂድና አባትህን ከፊት አስቀድመው።