የሕንጻሽን ፋይል ከዲሲ መንግሥት ለማውጣት፦ ለጠያቂዋ እህት መልስ

እህቴ፣ ችግርሽ ገብቶኛል። ዲሲ ውስጥ በምትኖሩበት ሕንጻ ክረምት በመጣ ቁጥር ማሞቂያው ይጠፋል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ይባስ ብሎ ኪራይ ተጨምሮባችኋል። ከተማው ስለ ሕንጻው ያለውን ሰነድ ፈልገሽ "ስለዚህ አድራሻ ያላችሁን ሁሉ ስጡኝ" ብለሽ ጻፍሽ፤ "ጥያቄው ሰፊ ነው፣ አብራሪ" አሉሽ። ከላይ አስተያየት የሰጡት "ጠበቃ ያዢ" ብለውሻል። ለዚህ ደረጃ ጠበቃ አያስፈልግም። የዲሲ የመረጃ ነጻነት ሕግ፣ ሁላችንም ፎያ የምንለው፣ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። ዜግነት አይጠየቅም፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ሰነዱን ለምን እንደፈለግሽው የመናገር ግዴታም የለብሽም። "ወረቀቴን ይነካብኛል" ብለው መብታቸውን የሚተዉ ወገኖች ስላሉ ይሄን ጎረቤቶችሽም ይስሙት።

1. "ሁሉ" የሚለውን ከጥያቄሽ አውጪው። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። "ያላችሁን ሁሉ" ካልሽ የሠራተኛው ኢሜይል ሳይቀር ይገባበታል። አድራሻው የተጠቀሰበት ኢሜይል ከየሠራተኛው ተፈልጎ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ ተነቦ የውስጥ ምክክር ነው የተባለው፣ የሰው የግል ጉዳይ ነው የተባለው ይሸፈናል። ሦስት ገጽ የኢንስፔክሽን ሪፖርት ፈልገሽ ከኢሜይል ክምር ኋላ ተሰለፍሽ ማለት ነው።

ከዚህ የማይተናነሰው ስሕተት ሰነድ መጠየቅ ሲገባ ማብራሪያ መጠየቅ ነው። "ኢንስፔክተሩ ለምን ተመልሶ አልመጣም?" ብለሽ ብትጽፊ ሕጉ መልስ እንዲሰጡሽ አያስገድዳቸውም። የሚያስገድዳቸው በእጃቸው ያለውን ሰነድ እንዲሰጡ ነው፤ አዲስ ሠንጠረዥ እንዲሠሩ ወይም ማብራሪያ እንዲጽፉ አይደለም። ስለዚህ "ለምን"ን ተዪና መልሱ ያለበትን ወረቀት ጠይቂ። በዚህ መልክ ጻፊው፦

"በዲሲ የመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት የሚከተሉትን ሰነዶች እጠይቃለሁ። አድራሻ፦ የቤት ቁጥር፣ መንገድ፣ ኖርዝዌስት፤ ስኩዌርና ሎት ቁጥር። ጊዜ፦ ከጃንዋሪ 1፣ 2023 እስከ ዛሬ። ሀ) የቤት ኢንስፔክሽን ሪፖርቶች፣ ከኢንስፔክተሩ ማስታወሻና ፎቶዎች ጋር፤ ለ) ለባለንብረቱ የተጻፉ የጥሰት ማስታወቂያዎችና የቅጣት ወረቀቶች፤ ሐ) ጥሰቱ ተስተካክሏል ተብሎ ፋይሉ የተዘጋበት ሰነድ። ኢሜይል አልጠየቅሁም። የሌሎች ተከራዮች ስምና ስልክ ቢሸፈን አልቃወምም። በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ይላክልኝ። ወጪው ከ25 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አሳውቁኝ።"

"ስም ቢሸፈን አልቃወምም" የምትለውን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዪያት። ሰነድ ከሚዘገይበት ምክንያት አንዱ የጎረቤቶችሽን ስም መስጠት አለብን የለብንም የሚለው ክርክር ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ቀኑና ጥሰቱ ነው፤ ማን ደውሎ እንዳመለከተ አይደለም።

አድራሻው ላይም ተጠንቀቂ። ዲሲ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥርና መንገድ ኖርዝዌስትም ኖርዝኢስትም ሊኖር ይችላል። ያቺን ጫፍ ከረሳሽ የሌላ ሕንጻ ፋይል ይመጣል፣ ወይም "ሰነድ አልተገኘም" ይሉሻል። ሕንጻችሁ ማእዘን ላይ ከሆነና ሁለት መግቢያ ካለው ከተማው በሌላኛው መንገድ አድራሻ መዝግቦት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ስኩዌርና ሎት ቁጥር ነው፤ ከተማው መሬቱን የሚያውቀው በዚያ ነው። የከተማው የንብረት ግብር ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገቢ ይወጣል። ሁለቱንም አድራሻ ከሎቱ ጋር ጻፊ።

2. ትክክለኛው መሥሪያ ቤት። ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ የፎያ ኃላፊ አለው፤ ለአንዱ የጻፍሽው ለሌላው አይቆጠርም። ግንባታንም የንግድ ፈቃድንም ይቆጣጠር የነበረው የድሮው መሥሪያ ቤት፣ ዲሲአርኤ፣ ኦክቶበር 1፣ 2022 ለሁለት ተከፍሏል። የቤት ኢንስፔክሽንና የግንባታ ፈቃድ ወደ ዲፓርትመንት ኦፍ ቢልዲንግስ፣ የንግድ ፈቃድ ደግሞ ወደ ፈቃድና ሸማቾች ጥበቃ ክፍል ሄዷል። አከራይ የንግድ ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ ሁለቱም ይመለከቱሻል። የእርሳስ ቀለም ጉዳይ ካለ፣ በተለይ ሕንጻው ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነና ሕፃናት ካሉ፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ለብቻው ጠይቂ። የፍርድ ቤት መዝገብ በፎያ አይወጣም፤ አከራዩ ከዚህ በፊት ተከራይ ከስሶ እንደሆነ የምታዪው ሱፒሪየር ኮርት ራሱ ዘንድ ነው።

ፎያ ከመጻፍሽ በፊት ግን ክፍት ሆኖ የተቀመጠውን እዪ። ስካውት የሚባለው የከተማው ድረ ገጽ ላይ በአድራሻ ስትፈልጊ ፈቃድም ኢንስፔክሽንም ይወጣል። ዝርዝሩ ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ ግን የኢንስፔክሽኑ ቁጥርና ቀን ካለ ያንን ቁጥር ፎያው ውስጥ አስገቢው። ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ 311፣ ደውላችሁ ካመለከታችሁ የተሰጣችሁን ቁጥርም ጨምሪ። ቁጥር ያለበት ጥያቄን "ግልጽ አይደለም" ብሎ መመለስ ይከብዳል።

የኪራዩ ጉዳይ ያለው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የሬንት ኮንትሮል (የኪራይ ጭማሪን የሚገድበው ሕግ) ፋይል ያለው አናኮስቲያ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ አቬኑ ላይ ባለው የቤቶች ልማት መሥሪያ ቤት ሥር፣ የኪራይ ቤቶች ክፍሉ ዘንድ ነው። የሕንጻው ምዝገባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለማየት ፎያ አያስፈልግም፣ አስቀድመሽ ደውለሽ ፋይሉን ማየት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። ሁለት ነገር ፈልጊ። አንዱ የምዝገባ ቅጹ ላይ ባለንብረቱ ከሬንት ኮንትሮል ነጻ ነኝ ብሏል ወይስ አላለም የሚለው ነው። ነጻ ሊያደርገው የሚችለው ለምሳሌ የግንባታ ፈቃዱ ከ1975 መጨረሻ በኋላ የወጣ መሆኑ፣ ወይም ባለቤቱ ግለሰብ ሆኖ ዲሲ ውስጥ ከአራት ያልበለጡ የኪራይ ቤቶች ያሉት መሆኑ ነው። ነጻ የሆነበትን ምክንያት በምዝገባው ላይ ካላስመዘገበ ዝም ብሎ "እኔን አይመለከተኝም" ማለት አይችልም። ሌላው ለእናንተ የሰጠው የጭማሪ ማስታወቂያና ለክፍሉ ያስገባው ማረጋገጫ አንድ መሆናቸው ነው። የቤት ቁጥሩን፣ የድሮውን ኪራይ፣ አዲሱን ኪራይ፣ ጭማሪው የሚጀምርበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አነጻጽሪ።

3. ቀኑን ቁጠሪ። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄሽ ከደረሰው በኋላ 15 የሥራ ቀን አለው። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አይቆጠርም፤ ኤፕሪል 16 የዲሲ የራሷ በዓል ስለሆነ እሱም ይዘለላል። ሰኞ ደረሳቸው እንበል፤ ማክሰኞን አንድ ብለሽ ስትቆጥሪ በመሐል በዓል ከሌለ አሥራ አምስተኛው ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ሰኞ ነው። ሰነዱ ብዙ ከሆነ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ማማከር ካስፈለጋቸው 10 የሥራ ቀን መጨመር ይችላሉ፤ ግን በጽሑፍ ሊያሳውቁሽ ይገባል። ጥያቄሽን በከተማው የፎያ ድረ ገጽ ካስገባሽ የመከታተያ ቁጥር ይሰጥሻል፤ የመጣልሽን ኢሜይል አስቀምጪው። "አብራሪ" ካሉሽ በዚያው ቀን መልሺላቸው፤ መልስሽ እስኪመጣ ጥያቄሽ ተኝቶ ይቀመጣል፣ ዝም ካልሽ ደግሞ ይዘጉታል።

ሰዎቻችን ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ጋ ነው፣ የሚያናድደውም ይሄ ነው። መስኮት ላይ ቆሞ "የለም፣ ሌላ ጊዜ ነይ" ብሎ፣ ያውም የእንግሊዝኛ አነጋገርን አይቶ ፊቱን አዙሮ የሚመልስ ሠራተኛ አለ። በቃል የተነገረ እምቢታ እምቢታ አይደለም። ሕጉ የሚለው ሲከለክሉሽ በጽሑፍ፣ ምክንያቱን ዘርዝረው፣ የተደገፉበትን አንቀጽ ጠቅሰው፣ የከለከለውን ኃላፊ ስም ጽፈውና ይግባኝ ማለት እንደምትችዪ ነግረው ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጉድለቱን ራሱን ይግባኝሽ ውስጥ ጻፊው። ከፊሉ የሚሸፈን ሰነድ ቢሆን እንኳ የሚሸፈነውን ሸፍነው ቀሪውን መስጠት አለባቸው፤ አንድ ስም አለበት ተብሎ ሙሉ ሪፖርት አይከለከልም።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ይሸፍናል። ስትደውዪ "አማርኛ" በዪ፤ አስተርጓሚ በነጻ የማገናኘት ግዴታ አለባቸው፤ እምቢ ካሉ አቤቱታው ለሰብአዊ መብት ቢሮው ነው። የፎያ ጥያቄውን ግን በእንግሊዝኛ አስጽፈሽ አስገቢው፤ ለትርጉም ሲባል ቀን አይባክንብሽም። የሚሰጥሽ ሰነድም በተጻፈበት ቋንቋ እንዳለ ነው።

ክፍያ ብዙ አያስፈራም። በደንቡ የፍለጋው የመጀመሪያ ሰዓት አይከፈልበትም፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፈላጊው ሠራተኛ ደረጃ ለየሩብ ሰዓቱ ከ4 እስከ 10 ዶላር ነው፣ የወረቀት ቅጂ በገጽ 25 ሳንቲም። ከላይ እንዳልኩሽ ከጠየቅሽ ምንም የማትከፍዪበት ዕድል ሰፊ ነው። ቅድሚያ ክፈዪ ማለት የሚችሉት ከ250 ዶላር በላይ ይሆናል ብለው ሲወስኑ ወይም ከዚህ በፊት ያልከፈልሽው ሲኖር ብቻ ነው። ክፍያ ይነሣልኝ ለማለት ጥቅሙ በዋናነት ለሕዝብ መሆኑን ማሳየት ስላለብሽ ለአንድ ሕንጻ ጉዳይ አይመከርም፤ ጥያቄውን ማጥበብ ይሻላል።

ቀኑ አልፎ ዝም ካሉ ሕጉ እንደ ከለከሉሽ ይቆጥረዋል። መጀመሪያ ለፎያ ኃላፊው የመከታተያ ቁጥሩንና መልስ መምጣት የነበረበትን ቀን ጠቅሰሽ አጭር ኢሜይል ላኪ። ካልተንቀሳቀሰ ይግባኙ ለከንቲባው ነው፤ የሚመለከተው የከንቲባው የሕግ ቢሮ ነው፣ ለመወሰን 10 የሥራ ቀን አለው። ክፍያ የለውም። ጥያቄሽን፣ መልሳቸውን (ካለ) እና ያልተስማማሽበትን በጥቂት መሥመር አያይዥ። "ሰነድ አልተገኘም" ካሉሽ ፍለጋው በቂ እንዳልነበረ ማሳየት ትችያለሽ፦ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ፎቶ፣ የ311 ቁጥር፣ ኢንስፔክተሩ ትቶት የሄደው ካርድ። ሰነዱ መኖሩን የሚያሳይ ነገር ከያዝሽ የት የት እንደፈለጉ እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። የከተማው ምክር ቤትና የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ውሳኔ ግን ወደ ከንቲባው አይሄድም፤ በቀጥታ ሱፒሪየር ኮርት ነው።

ሪፖርቱ ሲመጣ መጀመሪያ ቀኑን እዪ። ሕጉ ቤቱ የቤት ደንቡን በመሠረቱ ካላሟላ ኪራይ መጨመርን ይከለክላል። ስለዚህ ጭማሪው በጀመረበት ቀን ያልተስተካከለ ጥሰት በፋይሉ ካለ፣ ይዘሽ የምትሄጂው ወረቀት እሱ ነው። ፋይሉ "ተዘግቷል" የሚል ከሆነ በምን እንደተዘጋ እዪ፤ ተስተካክሎ ነው ወይስ ኢንስፔክተሩ መጥቶ የሚከፍትለት ሰው አጥቶ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ጥሰቱ አለ ማለት ነው፤ አዲስ ኢንስፔክሽን ጠይቂና በዚያ ቀን ቤት ሁኚ።

ጭማሪውን ለመቃወም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 3 ዓመት አላችሁ፤ ፎያው እስኪመለስ ብላችሁ ጊዜውን አታሳልፉ። አቤቱታውን የሚያግዛችሁ የተከራዮች ጠበቃ ቢሮ የሚባለው የከተማው መሥሪያ ቤት ነው፣ ምክሩ በነጻ ነው። የፎያ ጥያቄሽ ራሱም የመንግሥት ሰነድ ስለሆነ አከራዩ ሊያየው ይችላል። የሚያሳስብሽ ከሆነ በተከራዮች ማኅበር ስም ይግባ። ተከራይ መብቱን ስለጠየቀ መበቀል በሕግ የተከለከለ ነው።

አዲሱን ጥያቄሽን ከመላክሽ በፊት፣ የሚመጣልሽንም ደብዳቤ ሲደርስሽ፣ ስምሽንና አድራሻሽን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው። የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሱ አይተን ይግባኙን አብረን እንጽፈዋለን።