የአባቴ አጥንት ቢገኝ በእኔ ደም ይለያል?

ጥያቄ፦ አባቴ ምጽዋ የነበረው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተያዘች ወዲህ ወሬው ጠፋ። አሜሪካውያን ከ70 ዓመት በላይ ተቀብረው የቆዩ መርከበኞችን ለይተው ለየቤተሰባቸው እንዳስረከቡ ሰማሁ። የአባቴ አጥንት አንድ ቀን ቢገኝ የእኔ ደም ይበቃል? ታላቅ እህቱ አሁንም ፍራንኮ ሰፈር አለች። ፎቶግራፉን ልኬያለሁ።
ልጁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ፐርል ሃርበር በተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደብ ላይ ኦክላሆማ የተባለችው የጦር መርከብ ስትገለበጥ 429 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ አጥንታቸው ተደበላልቆ ሃዋይ ውስጥ ያለ ስም ተቀበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 መቃብሩ ተከፍቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ350 በላይ የሚሆኑት ስማቸው ተመለሰላቸው።

ስለ ደምዎ ግን ተስፋ ብቻ ሰጥቼ አላልፍም። ከቆየ አጥንት በቀላሉ የሚገኘው በማይቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ጉልበት በሚያመነጩት ጥቃቅን ክፍሎች) ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው፤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ አለውና። እርሱ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ የእርስዎ ከእናትዎ የመጣ ነው። አጥንቱ በደህና ከቆየ ከእናትም ከአባትም በሚወረሰው በሌላው ዲኤንኤ እርስዎም ይረዳሉ። ቁልፉ ግን ያለው አክስትዎ ጋር ነው፤ ከአባትዎ ጋር የአንድ እናት ልጆች ከሆኑ። የእርሳቸውም ልጆች ይህንኑ ይዘዋል፤ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያሻግሩት ግን ሴቶቹ ናቸው።

እኔ ዕድሜዬን በጥርስ ሕክምና ያሳለፍኩ ነኝና ፎቶግራፉን በአጉሊ መነጽር አየሁት። አባትዎ ሲስቁ ከላይ አንድ ክራንቻ ጥርሳቸው በወርቅ ተለብጧል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው! የኦክላሆማም ሰዎች የተለዩት በዲኤንኤ ብቻ አልነበረም፤ በባሕር ኃይሉ የጤና መዝገብ የነበረው የጥርሳቸው ሁኔታም ረድቷል። ታዲያ ፎቶግራፍ ተገልብጦ ሊታተም ስለሚችል ወርቁ በግራ ይሁን በቀኝ አክስትዎን ይጠይቁልኝ። በሕይወት እያሉ የተነቀለ ጥርስ ነበራቸው? ቦታው በአጥንት ስለሚሞላ ከሞት በኋላ ከወደቀው ይለያል። ቁመታቸውን፣ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ካለም ይጻፉ።

አጥንቱን ፈልጎ ማውጣትና ወደ አገር ማምጣት የሁለት መንግሥታት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከመርከብ ጋር የሰመጠ ከሆነ ደግሞ ከባሕር ላይወጣ ይችላል። በዚያው በፐርል ሃርበር በሰመጠችው አሪዞና በተባለችው መርከብ ውስጥ ከ900 በላይ ሰዎች እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

አክስትዎ ግን አርጅተዋል፤ ስለዚህ አይዘግዩ። የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልገው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነውና አብራችሁ ሂዱ፤ የአባትዎን ጉዳይ አስመዝግቡ፤ ናሙና መስጠት የሚችሉት አክስትዎና ልጆቻቸው፣ እርስዎም ጭምር መሆናችሁን በጽሑፍ አያይዙ። ስለ ጥርሱ የሚሉትን ይላኩልኝ፤ በሕክምናው ሰንጠረዥ ላይ አስፍሬ እመልስልዎታለሁ።