«ወፍ ቆሞ ማየት አይሰለችም ወይ?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። በአጭሩ መልሼ ልለፍ ብዬ ነበር። ግን ከላይ የተሰጡሽን መልሶች ሳይ አንዱ «መጀመሪያ ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር) ግዢ» ብሎሻል፣ ሌላው የባሌ ተራራ ፎቶ ለጥፎልሽ ሄዷል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ አያት አካባቢ ትኖሪያለሽ፣ የ9 ዓመት ልጅ አለሽ፣ ስለ ወፍ ምንም አታውቂም። አዲስ አበባ ያሉ ወፍ ተመልካቾች ቅዳሜና እሁድ ተሰብስበው ምን እንደሚሠሩ፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ ደግሞም «እውነት ለመናገር ወፍ ቆሞ ማየት አይሰለችም ወይ?» ብለሻል።

አንዳንዴ ይሰለቻል። አልዋሽሽም። ነፋስ ባለበት ጠዋት ገፈርሳ ግድብ ዳር ቆመሽ ከዳክዬ በቀር ምንም ላታዪ ትችያለሽ። ብርዱ ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። የመጀመሪያ ቀን መጥተው ሁለተኛ ያልተመለሱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። የሚገርመው ግን አብዛኞቹ የቀሩት እንዲህ ባለው ቀዝቃዛ ጠዋት አይደለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ በጣም ብዙ ወፍ ያዩበት፣ አስጎብኚው ስም በስም ላይ ሲደራርብባቸው የዋለ ጉዞ ነው ያስቀራቸው። ማታ ቤታቸው ሲገቡ አንዱንም አያስታውሱትም።

ለዚህ ነው ቡድን ስትመርጪ አንድ ነገር ጠይቂ የምልሽ፦ «በየወሩ የምትመለሱበት ቦታ አላችሁ?» ከሌላቸው ጥሩ ሽርሽር ታገኛለሽ፣ ፎቶም ታነሻለሽ፣ ግን ወፍ ለማወቅ ጊዜ ይወስድብሻል። ካላቸው ግን ተቀላቀያቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ይሄን ሁሉ አሳድዶ ለማየት የሚሮጥ ሰው አለ፣ መብቱ ነው። ለጀማሪ ግን አንድ ቅርብ ቦታ ደጋግሞ መሄድን የሚያህል አስተማሪ የለም።

የኛ ቡድን ማህተምም ጽሕፈት ቤትም የለውም፣ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ የባዮሎጂ ተማሪዎች አሉ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው የሚመጡ አስጎብኚዎች አሉ፣ ክንድ የሚያክል ሌንስ ተሸክመው የሚመጡ ፎቶ አንሺዎችም አሉ (ከነሱ ጋር ትንሽ እንነታረካለን፣ ወፏን ተጠግተው ያስነሱብናል)። ሕጋዊ ተቋም ከፈለግሽ ደግሞ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው፣ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው የዓለም አቀፍ የወፍ ጥበቃ ጥምረት የኢትዮጵያ አጋርም እሱ ነው። አባል መሆንና ዝግጅቶቻቸውን መከታተል ይቻላል።

የኛ «ቤት» ገፈርሳ ነው። ከአስኮ በቡራዩ አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ። የምንገናኘው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። አዎ፣ እሁድም ቢሆን። ወፎቹ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዝም ይላሉ። አንቺ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ከመጣሽ የምታገኚው ላሞችንና እኛን ነው።

እዚያ ምን አለ? በሌላው ዓለም የሌሉ፣ የኛ ደጋ ብቻ የሆኑ ወፎች አሉ። ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አለች። ስትቆም ግራጫማ ቡናማ ነች፣ ሰው ልብ አይላትም። ስትነሳ ግን ክንፏ ላይ ያለው ፈካ ያለ ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ስትራመድ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች፣ ይሄን አንድ ጊዜ ካየሽ በኋላ ከሩቅ ትለያታለሽ። ሣሩ ላይ ደግሞ ጉሮሮዋ ብርቱካናማ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ ጥቁር ሐብል ያሰረች የምትመስል ትንሽ ወፍ አለች፣ አጥር እንጨት ላይ ወጥታ ስትዘፍን ነው የምትታየው። ረግረጉ ዳር ጅራቷን ወደ ላይ እየነቀነቀች፣ ከሥሩ ያለውን ነጭ እያሳየች የምትሄድ ቡናማ ወፍ ታገኛለሽ፣ ሰው ብዙም አትፈራም። ይቺኛዋና ቀጥሎ የምነግርሽ ጋጋኖ ኤርትራም ውስጥ አሉ። ጋጋኖውማ ቀድሞ በድምፁ ነው የሚታወቀው፣ መንጋው ሲነሳ ሰፈሩን ይረብሻል። እናንተ ሰፈር አያትም ሳይኖር አይቀርም፣ ጠዋት በራፍሽ ላይ ትልልቅ ጥቁር ወፎች እየጮሁ ካለፉ፣ ምንቃራቸውም ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ እነሱ ናቸው።

ገፈርሳን ደጋግመሽ ስትሄጂ ምን ይሆናል መሰለሽ? መስከረም ላይ ውሃው ዳር ያልነበሩ ወፎች ታያለሽ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው። ዳክዬው ይበዛል፣ ጭቃ ዳር የሚለቃቅሙት ረጃጅም እግር ያላቸው ይበዛሉ፣ ላሞች እግር ሥር ቢጫ ሆዳቸውን ይዘው የሚሯሯጡ ትንንሾች ይመጣሉ። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ይሄዳሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የኛዎቹ ይለወጣሉ፣ በበጋ ድንቢጥ የሚመስሉት ወንዶች ላባ ቀይረው ጥቁርና ቢጫ፣ ጥቁርና ቀይ ይሆናሉ። ይሄን በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነው። ባለፈው ወር ያየሻትን ቡናማ ወፍ በዚህ ወር ደምቃ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ልጅሽም የሚይዘው ይሄኛውን ነው።

እንቆጥራለን ስንል ሰው ይስቃል። መንጋ እንዴት ይቆጠራል? መጀመሪያ አስር ወፍ አንድ ባንድ ትቆጥሪያለሽ። ያ አስር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ታያለሽ። ከዚያ ያንን ቦታ በዓይንሽ እየገፋሽ «አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ» እያልሽ መንጋውን ትጨርሻለሽ። በጣም ከበዛ በመቶ መቶ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፣ ከዚያ ይነጻጸራል። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ቁጥር፤ ደብተር ላይ ይጻፋል። በኋላ ኢበርድ የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ መተግበሪያ ላይ እናስገባለን፣ እዚያ የገባ መረጃ ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መተግበሪያው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ብለሽ ካስገባሽ እኩለ ቀን ላይ ያየሽ ነው የሚመስለው፣ 6፡30 ነው የሚባለው። አዲስ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይደናበራል። ጥር አካባቢ ደግሞ በአፍሪካ ደረጃ የውሃ ወፍ ቆጠራ አለ፣ ኢትዮጵያም ትሳተፋለች። መቁጠር የቻለ ሰው እዚያ ይፈለጋል።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ስልሽ ደግሞ ለማጽናናት አይደለም። ቄራ አካባቢ ሰማዩን ቀና ብለሽ እዪ። ከጭላቶቹ ጋር የሚዞረው ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ ፊቱ ራቁቱን ሮዝማ የሆነው፣ ምንቃሩ ቀጭን የሆነው፣ እሱ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቧል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች በመርዝና ለባህል መድኃኒት ተብሎ እየተገደለ እያለቀ ነው። እኛ ጋር ሰው «ቱ! ጥንብ አንሳ» ብሎ ያልፈዋል። የውጭ ወፍ ተመልካች ሲመጣ ግን ታክሲ አስቁሞ ነው የሚያየው። በኔ አስተያየት አንድ የአዲስ አበባ ቡድን በዓመት አንድ ጠዋት እንኳ ጥንብ አንሳ ካልቆጠረ ሥራውን አልሠራም።

የቤተ ክርስቲያን ግቢም አትናቂ። ዛፍ በቀረበት ሰፈር ሁሉ ወፉ እዚያ ነው ያለው። የግቢሽን ነገር ደግሞ ልንገርሽ፦ ጥላ ያለበት ቦታ ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳህን አስቀምጪ፣ በየቀኑ ውሃውን ቀይሪ። ከፍርፋሪ ይልቅ ውሃ ይሻላል፣ በተለይ በበጋ። ልጅሽ በመስኮት እያየ ይመዝግብ። አስር ወፍ ለይቶ ካወቀ ከብዙዎቻችን በተሻለ ነው የጀመረው። ስሙን ባታውቁትም ችግር የለም፤ ከድንቢጥ ይበልጣል? ከእርግብ ያንሳል? ምንቃሩ ወፍራም ነው ቀጭን? መሬት ላይ ነው ዛፍ ላይ? ይሄን ጽፋችሁ አምጡ፣ መምህራችን ከአራት መስመር ወፏን ያውቋታል። የስልክ መተግበሪያ አለ ትይኝ ይሆናል፣ አለ፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ግን በድምፅ ሲለይ ለኛ ወፎች ሁልጊዜ አትመኚው።

ጉዞም አለ፣ የለም አላልኩም። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ ጨለለቃ ውሃ በያዘበት ዓመት ከኅዳር እስከ የካቲት ከሩሲያና ከባልቲክ አገሮች የሚመጡ ግራጫ ክሬኖች (እግራቸውም አንገታቸውም ረጅም የሆነ ትልልቅ ወፎች) እዚያ ያድራሉ፣ ጠዋት ሲነሱ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ደብረ ሊባኖስ ለገደል ወፎች ነው፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳም አለ። አንኮበር ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ ስሟም በቦታው ነው የተሰየመው። እውነቱን ለመናገር ስታያት «ይቺ ናት እንዴ?» ትያለሽ፣ ገደሉና ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ግን ይክሱሻል። ለሩቅ ጉዞ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው፣ እኛም ብዙ ጊዜ ሰርዘናል።

አንድ የማንሄድበት ቦታ አለ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በርጋ የሚባል ረግረግ ሜዳ ላይ በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ነጭ ክንፍ የሆነች እጅግ ትንሽ የረግረግ ወፍ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቿ ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል፣ ከኛ ሌላ በዋናነት የምትታወቀው ደቡብ አፍሪካ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው ሣር መሃል ነው፣ የከብት እግር ሲረግጠው ያልቃል፣ የሰው እግርም እንደዚያው። አዲስ አባል ሲመጣ «በርጋ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላል። በመራቢያዋ ወቅት አንሄድም። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ከብታቸውን በዚያ ጊዜ ከረግረጉ እንዲያርቁ እየተለመኑ እኛ በቦቲ ጫማ ብንገባበት ያሳፍራል።

አሁን ስለ ዕቃና ስለ ገንዘብ። ባይኖኩላር አትግዢ፣ ገና ነው። እኛ ጋር የሚዋሱ አሉ። ከወደድሽው በኋላ 8 በ42 የሚባለውን ፈልጊ፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። አስር እጥፍ የሚያቀርበው ይሻላል የሚል ሻጭ ይኖራል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ለጀማሪ አይሆንም። ለልጅሽ 8 በ32 ይበቃዋል፣ ቀላል ነው። ከውጭ ዘመድ ይላክልኝ ካልሽ ኤርፖርት ላይ ስለሚያስጠይቅ ፈቃዱን አስቀድመሽ አጣሪ። ይዘሽ ስትንቀሳቀሺም ወደ ወታደር ካምፕ፣ ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ድልድይ አታዙሪው። ገፈርሳም የውሃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃ አለ፣ ቀድመን ሰላም ብለን፣ ማን እንደሆንን ተናግረን ነው የምንገባው። ብቻሽን ሄደሽ ባይኖኩላር አውጥተሽ አትቁሚ።

ወጪው የታክሲ ነው፣ ሩቅ ሲሆን ሚኒባስ ተከራይተን እንካፈላለን። ከዚያ የቁርሱ አለ፣ ቡራዩ ላይ ፉል ቤት እንገባለን፣ የጾም ቀን ከሆነም ችግር የለም። ብዙው የወፍ ክርክር የሚፈታው እዚያ ነው።

ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል፣ ሦስት ነገር ብቻ፦ ጎጆ አይነካም፣ ድንጋይ አይወረወርም፣ በስልክ የወፍ ድምፅ ከፍቶ መጥራት የለም። የመጨረሻው ለትልልቆቹም ነው፤ ወፏ ተቀናቃኝ የመጣባት መስሏት ሥራዋን ትታ ስትሟገት ትውላለች። ነጭ ነጠላና ደማቅ ቀይ ጃኬት ቤት ይቅር። ልጁ ከደከመው ደግሞ አታስገድጂው፣ ሣር ላይ ይጫወት፣ እሱ ሲጫወት ያገኘው ላባ ብዙ ጊዜ እኛ ካየነው ይበልጣል።

የሚቀጥለው የገፈርሳ ጉዟችን የወሩ ሁለተኛ እሁድ ነው። ከአያት ስለሆንሽ ከለሊቱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ መነሳት ይኖርብሻል፣ መገናኛ ላይ መኪና ያለው ሰው እንዲወስዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ወፍራም ሹራብ፣ ውሃ፣ እርሳስና ደብተር። እስክሪብቶ አታምጪ፣ ደብተሩን ጤዛ ሲነካው በደንብ አይጽፍም።