የኤልፎች ንጉሥ ማነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ዞረው ዞረው ላርፕ ላይ ነው የሚያርፉት። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ጫካ ይገባሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ፣ ፊታቸውን ይቀባሉ፣ በስፖንጅ ሰይፍ እየተፋለሙ የልብ ወለድ ሰው ሆነው ይውላሉ፤ ያንን ሰው ካራክተር ይሉታል። አንዱ ኤልፍ ነው (ሹል ጆሮ ያለው የተረት ፍጡር)፣ አንዱ ድዋርፍ (ድንክ)፣ አንዱ ኦርክ (አውሬ መሳይ ተዋጊ)፤ እነዚህን ዘር ይሏቸዋል። ጨዋታው ሲያድግ በየከተማው ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ተጫዋቾቹ ቻፕተር ይሉታል። ከዚያ "የኤልፍ ታሪክ ለሁሉም ቻፕተር አንድ ነው" ተብሎ በጋራ መጽሐፍ ይጻፋል። ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል። (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ እንደ ፈረንጅ ነው የጻፍኩት።)

ካራክተሬ አንዱ ቻፕተር ውስጥ ሞተ። ሌላው ቻፕተር ገና አልሰሙም። እዚያ ሄጄ ልጫወትበት?

አይሆንም። ሞቷል። ነፍስ ይማር።

ኤልፎች ንጉሥ አላቸው ወይስ የላቸውም?

ይህን የጻፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ደብዳቤውም ረጅም ነው። በራሱ ቻፕተር ኤልፎች ንጉሥ አላቸው። እሱም የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ሲጫወት ከርሟል። ባለፈው ሌላ ስቴት ያለ ቻፕተር ሄዶ "ከንጉሣችን ዘንድ መጣሁ" ቢል፣ "የምን ንጉሥ? እኛ በሽማግሌ ነው የምንተዳደረው" ብለው ሳቁበት። የጋራውን መጽሐፍ ሲያይ "ኤልፎች ኩሩ ናቸው፣ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፣ ንጉሣቸውን ያከብራሉ" ይላል። የትኛው ንጉሥ፣ የት አገር፣ ምንም የለም። ማን ነው ልክ?

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጥፋተኛው መጽሐፉ ነው።

የጋራ መጽሐፍ ለምን እንዳስፈለገ እንይ። አሜሪካ ውስጥ ይህን የቅርንጫፍ አሠራር ካስፋፉት አንዱ ኒሮ የሚባለው የላርፕ ድርጅት ነው፤ በ1980ዎቹ ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ነው የተነሳው። አንድ ተጫዋች ካራክተሩን ይዞ ከቻፕተር ቻፕተር መዞር ይችላል። ይህ እንዲሆን ደንቡ አንድ መሆን አለበት። ሰይፍህ እዚህ ሁለት ነጥብ እየመታ እዚያ አምስት ሊመታ አይችልም። ዘርም እንደዚያው ነው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሰው ይሮጣል። ከዛፍ ጀርባ ሹል ጆሮ ብቅ ሲል "ይህ ኤልፍ ነው፣ እንዲህ ያለው አስማት አይዘውም" ብለህ ወዲያው ማወቅ አለብህ። አቁመህ "ይቅርታ ወንድሜ፣ እናንተ ቻፕተር ውስጥ ይህ ጆሮ ምን ማለት ነው?" ብለህ ልትጠይቅ አትችልም። እስከዚህ ድረስ የጋራ መሆኑ ግድ ነው።

ነገር የሚበላሸው ጸሐፊው ብዕሩ ሲጥመው ነው። ከጆሮው ይነሳና ጠባይ ይጽፋል፤ ከጠባይ ወደ ሃይማኖት፣ ከሃይማኖት ወደ ቤተ መንግሥት። ቻፕተሮቹ ግን ተቀምጠው አይጠብቁትም። እያንዳንዱ ባገኘው ቅዳሜ የራሱን ታሪክ ይቀጥላል። አንዱ ጋ ንጉሡ ይገደላል፤ ሌላው ጋ በዚያው ቅዳሜ ልጁን ይድራል። ከዚያ ወደ አንዱ ሰርግ፣ ወደ ሌላው ለቅሶ የምትሄደው አንተ ነህ።

የእድር ደንብ ወሩ በገባ ስንት ብር እንደሚዋጣ ይጽፋል፤ ለቀስተኛው እንዴት እንደሚያለቅስ አይጽፍም። የጋራ የዘር መጽሐፍም እንደዚያ ይሁን ነው የምለው። ዓይን የሚያየውን ይጻፍ፦ ጆሮ፣ ቀንድ፣ የቆዳ ቀለም። ደንብ የሚነካውን ይጻፍ፦ ምን ይችላል፣ ምን ይጎዳዋል። ንጉሡን፣ ሰርጉን፣ ጸሎቱን ለየአገሩ ይተው።

ይህን ከራሴ ያመነጨሁት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ የሚካሄድ ኢምፓየር የሚባል ትልቅ ላርፕ አለ። እሱ ቻፕተር የለውም፣ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ነው የሚገናኘው። ነገሩን የለየበት መንገድ ግን ይጠቅመናል። ዐሥር ብሔሮች አሉት፤ ወግ፣ አለባበስና ዘፈን ያለው እዚያ ነው። ሰውነት ላይ የሚታይ ምልክት፣ ቀንድ በለው ቅርፊት፣ ከብሔሩ የተለየ ነገር ነው። ኦርኮች ብቻ የራሳቸው ብሔር ሆነው ተለይተዋል እንጂ ቀንድ ያለው ሰው ከዘጠኙ የሰው ብሔሮች ከየትኛውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ቀንዳሞች ሁሉ እንዲህ ናቸው" የሚባል ነገር የለም።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ያ "ሁሉም ኤልፍ ኩሩ ነው" የሚለው ነው። አዲስ ልጅ ያንን ያነብና ዓርብ ማታ አገጩን ቀና አድርጎ ይመጣል። ሌሎቹም አንብበውታል። አንድ እሳት ዙሪያ የተኮፈሰ ኤልፍ ይሰበሰባል። ማንም ማንንም አያናግርም። ይህን ለማየት ነው ነዳጅ ሞልተን ሁለት ሰዓት የምንነዳው?

ላንተ የምመክርህ፦ ንጉሥህን አትጣለው። "የኔ አገር ኤልፎች ንጉሥ አላቸው፣ እናንተ ምን ነካችሁ?" በልና ሙግት ግጠም። ከሌሊቱ ጥሩዋ ሰዓት እሷ ትሆናለች። የቻፕተር መሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይስማሙ፦ እያንዳንዱ የራሱ ካርታ ይኑረው፣ በሌላው ካርታ ላይ ያለውን ንጉሥ ሳይጠይቅ አይግደል።

ልጄ ኦርክ ነኝ ይላል። ጸበል ልውሰደው?

ከአሌክሳንድሪያ የጻፉልኝ እናት ናቸው። ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ዓርብ ማታ ወጥቶ እሁድ አመሻሽ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይመለሳል።

የኔ እናት፣ ጸበሉን መውሰድ መብትዎ ነው፤ ለአረንጓዴው ግን ሳሙና ይበቃል። ነፍስ አባትዎንም ያማክሩ፣ አይከፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ኦርክነቱ አይደለም። ቦታው የት ነው? ኃላፊው ማነው? ልጆች ከአዋቂ ተለይተው ነው የሚተኙት? ወላጅ የሚፈርመው ወረቀት መጥቶልዎታል? ካልመጣ ዛሬውኑ ይደውሉ፣ መልሱ ካልጣመዎት ልጁን አይላኩት። ሁሉም ደህና ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እራት ላይ "የኦርኩ አባት ስሙ ማነው?" ብለው ይጠይቁት። ትምህርት ቤት እንዴት ዋልክ ሲሉት "ደህና" ብቻ የሚለው ልጅ እስኪበርድ ድረስ ያወራዎታል።

ጆሮዬን ሳደርገው ያሳክከኛል። ባለፈው ከንፈሬም አብጦ ነበር።

ቀልዱ እዚህ ጋ ይቁም። ብዙ የኤልፍ ጆሮና ጭንብል ላቴክስ ነው። የስፖንጅ ሰይፎችም ብዙዎቹ ላቴክስ የተቀቡ ናቸው፤ ስለዚህ ጆሮውን ብታወልቂ እንኳ ሰይፉ ይነካሻል። የላቴክስ አለርጂ ሲደጋገም ሊብስ ይችላል። ከንፈር ማበጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የአለርጂ ምርመራ ጠይቂ። "ትንሽ ነው፣ ያልፋል" እንዳትይ። ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ 911 ይደወል፤ ያኔ ማንም ካራክተር ውስጥ ሆኖ አይቀልድም። ለቻፕተሩ መሪም አስቀድመሽ ንገሪ። ላቴክስ የሌለበት ጆሮ ይሸጣል።

የጋራው መጽሐፍ "ዳርክ ኤልፍ ጥቁር መቀባት አለበት" ይላል።

ከቨርጂኒያ የጻፈ ሐበሻ ነው። ዳርክ ኤልፍ ማለት ቆዳው ጥቁር ነው የሚባል የኤልፍ ዓይነት ነው። ነጮቹ ልጆች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ይመጣሉ። አንዱ ደግሞ "አንተ እንኳ ቀለም አያስፈልግህም" ብሎት ሳቀ። መሪዎቹን ሲያናግር "መጽሐፉ ላይ ያለ ነው፣ ሌሎቹ ቻፕተሮችም እንደዚህ ነው የሚያደርጉት" አሉት።

መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ይታረማል። አሜሪካ ውስጥ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ነጭ ተዋናዮች ፊታቸውን ጥቁር እየቀቡ ጥቁሮችን መድረክ ላይ ሲያላግጡባቸው ኖረዋል። ይህን የማያውቅ የአሜሪካ አዋቂ አለ ብዬ አላምንም። በዚያ ላይ የዳርክ ኤልፍ ታሪክ ሲነበብ ዘሩ በሙሉ ክፉ ነው ይላል። ጥቁር ቀለም፣ ክፉ ዘር፣ የሚስቅ ጓደኛ። ምኑ ነው የሚያከራክረው? የታዋቂው የጠረጴዛ ጨዋታ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አሳታሚ እንኳ በ2020 ኦርክንና ዳርክ ኤልፍን እንደ ሌላው ሕዝብ ክፉም ደግም ያለባቸው አድርጎ እንደሚያቀርብ በይፋ ተናግሯል።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሰው የማይሆነው ቀለም ይመረጥ። ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ የዓይን ዙሪያ የብር ምልክት። ጨለማ ውስጥም ይበልጥ ይታያል። የጋራው መጽሐፍ እስኪታረም መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእናንተ ቻፕተር ነገ ጠዋት "ሐምራዊም ይፈቀዳል፣ ጥቁር ቀርቷል" ማለት ይችላል። ለመሪው በጽሑፍ ጠይቀው። እምቢ ካለ ሌላ ጫካ አለ። ያ የሳቀው ልጅ ጓደኛህ ከሆነ ለብቻው አነጋግረው፤ ጓደኛህ ካልሆነ የኔን ፈቃድ አትጠብቅ።

የሌላ ጨዋታ ዘሮችን ወስደን በራሳችን ጨዋታ ብንጠቀምስ?

በአሜሪካ ሕግ ሐሳብና የጨዋታ ደንብ በኮፒራይት አይያዝም፤ የተጻፈው ጽሑፍና ሥዕሉ ግን ይያዛል። ኤልፍና ድዋርፍ የተረት ናቸው፣ ውሰዱ። የተፈጠረ ስም ሲሆን ተጠንቀቁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ራሱ በ1970ዎቹ ከቶልኪን ልብ ወለድ የተወሰደውን "ሆቢት" የሚለውን የትንንሽ ሰዎች ስም በባለመብቶቹ ግፊት ትቶ "ሃፍሊንግ" ብሏል። ቀሪውን ጠበቃ ጠይቁ።

ስዊድን ነው የምኖረው። ይህ ሁሉ የቻፕተር ጭቅጭቅ ምንድን ነው?

እናንተ ጋ ብዙው ላርፕ አንዴ ተጫውቶ ያልቃል፣ ዓለሙም ለዚያ ጨዋታ ብቻ ይጻፋል። የኛ ዓመት ዓመት የሚቀጥል ነው። በእናንተ እየቀናሁ ነው፣ ይብቃኝ።

"ቡዳ" የሚባል አዲስ ዘር ለጋራው መጽሐፍ ላቀርብ ነው።

ከአትላንታ ነው። ሐሳቧ እንዲህ ነው፦ ቀን ቀን ብረት ቀጥቃጭ፣ ማታ ጅብ፣ በዘር የሚተላለፍ፣ ዓይኑ የሚበላ። መሪዎቹ ወደውታል። "በመጨረሻ ከኛ የሆነ ነገር ይግባ" ትላለች።

እህቴ፣ ምኞትሽ ገብቶኛል። የሰሜን አውሮፓ ጆሮ እኔንም ሰልችቶኛል። ግን ቡዳ እየተባለ ሲጠረጠር የኖረው ማን ነበር? ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው። ጎንደር አካባቢ ደግሞ ቤተ እስራኤሎች፤ ብረትና ሸክላ ይሠሩ ነበርና "ማታ ጅብ ይሆናሉ" ተባሉ። ማረሻውን ከእነሱ ገዝቶ አብሯቸው የማይበላ ስንት ነበር። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው። ስድቡን ከአያቶቻቸው ሰምተውታል።

አሁን ያንን ስድብ ወስደሽ የጋራ መጽሐፍ ላይ ስታሰፍሪው እውነት ይሆናል። ተረት ውስጥ ጎረቤት ይጠረጥራል፤ በደንብ መጽሐፍ ውስጥ ግን ቀጥቃጩ የእውነት ጅብ ነው፣ ልጁም ጅብ ነው። አንቺ እዚያ ቆመሽ ታስረጃለሽ እንበል። ኦሃዮ ያለው ቻፕተር ግን ጎንደርን በስምም አያውቀውም። እሱ የሚያነበው አንድ አንቀጽ ነው፣ የሚጫወተውም እሱን ነው። አንዴ የተላከ መጽሐፍ ደግሞ አይመለስም።

ጅቡን አልቀማሽም። ሐረር ሂጂ። ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ሰው ለጅብ ሥጋ በእንጨት ያጎርሳል። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ጅቡ ከተማ ገብቶ ጅን ይበላል የሚሉ አሉ። ይኸውልሽ ዘር! በግንብ ቀዳዳ የሚገባ፣ ክፉ መንፈስ የሚበላ፣ ሰው የሚፈራውም የሚያጎርሰውም። ለዓይን የሚታይ ነገር አለው፣ ደንብ የሚሆን ችሎታ አለው፣ ማንንም በሙያው አይሰድብም። ስም አዲስ አውጪለት።

የቡዳን ነገር የግድ ካልሽ፣ ዘር አታድርጊው፤ ጥርጣሬውን ታሪክ አድርጊው። በራስሽ ቻፕተር ብቻ፣ ተጫዋቾቹ አስቀድመው ተነግሯቸው፣ መንደሩ ቀጥቃጩን ሲጠረጥር ይጫወቱ። ከዚያም በፊት ይህ ስም ሲለጠፍበት ከኖረ ቤተሰብ የመጣ ሰው አነጋግሪ። ይህንን ለይስሙላ አይደለም የምልሽ። አንድም ሰው ሳታናግሪ እንዳትልኪው። አንብቦ "ይቅርብን" ካለ ይቅር።

ለካራክተሬ አርባ ገጽ የሕይወት ታሪክ ጻፍኩ። ለመሪው ልላክ?

አንድ ገጽ አድርገህ ላክ። ሠላሳ ዘጠኙን እኔ አንብቤዋለሁ፤ እህትየዋ ባትሞት ጥሩ ነበር።